የበሩን ፎቶ ማን ሰጣት

እኅተማርያም ሮቤ ገበያ ዳር ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከጎኗ ያለው ብትን ጨርቅ ቤት የከሚላ ነው። ከሚላ ከስልጤ መጥታ ሱቁን ከከፈተች ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ግድግዳም ጭንቀትም ተጋርተው ኖረዋል። የእኅተማርያም ልጅ ኤደን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። የከሚላ ልጅ ጀሊልም እንደ እሷው ኦቲዝም አለበት።

ሐኪሙ ሩቅ፣ ዘመዱ ሐሜተኛ ቢሆንባቸው፣ "እኛው እንጠያየቅ" ብለው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈቱ። መጀመሪያ የሮቤና የጎባ እናቶች ገቡ፤ ቀጥሎ ከብድሬ፤ ከዚያ ከአዲስ አበባ። ከአዲስ አበባ ከገቡት አንዷ ሠርከአዲስ ነበረች፤ ስለ ኦቲዝም በቲክቶክ የምታስተምር፣ ተከታይዋ የበዛ ሴት። ውሎ አድሮ እሷ ያለችው ሁሉ የሚጨበጨብለት ሆነ።

ጠቡን የጫረው አንድ ቪዲዮ ነው። ከሚላ ጀሊል መሬት ላይ እየተንከባለለ ሲያለቅስ ቀርጻ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። ሠርከአዲስ ወስዳ በገጿ አሰራጨችው፤ አገር አየው። ያኔ ዳግማዊ ጻፈ። ዳግማዊ ጎባ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው፤ ከግሩፑ ሰው ሁሉ ራሱ ኦቲዝም እንዳለበት የሚናገረው እሱ ብቻ ነበር።

"እባካችሁ አጥፉት" አለ። "እኔም ልጅ ሆኜ እንዲህ አለቅስ ነበር። ሰው ከቦ ሲያየኝ ይብስብኝ ነበር። ጀሊልም አድጎ ያየዋል።"

ሠርከአዲስ ወዲያው መለሰች፦ "አንተ ምንም የለብህም። ያለበት ሰው እንዲህ አሳምሮ አይጽፍም። መታወቅ አምሮህ ነው።" ሌላው ተከተላት። አንዱ አስመሳይ አለው፤ አንዱ እናቱን ሰደበ።

እኅተማርያም በእጇ የነበረውን ኮሌታ ወርውራ ጻፈች፦ "ልጆቻችን እንዲናገሩ አይደል የምንለፋው? ይኸው አንዱ ተናገረ። አፉን ልትዘጉት ነው?"

በማግስቱ ስልኳን ስትከፍት ግሩፑም ላይ የሠርከአዲስ ገጽም ላይ የገዛ በሯን አየች። ሰማያዊው የቆርቆሮ በር፣ ከውጭ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት። ከሥሩ ሠርከአዲስ፣ "ስለ ልጆች መብት የምትሰብከን የሮቤ ልብስ ሰፊ ልጇን እንደ ከብት ዘግታባት ትውላለች" ብላለች። "እሷ ናት መታሰር ያለባት" ያለ አለ። "ምነው መካን ባደረጋት" ያለም አለ።

በሩ እውነት ይቆለፋል። እኅተማርያም ሱቅ ስትውል ኤደንን ይዛት ትውላለች፤ ወፍጮ ቤት ደርሳ ለመመለስ ግን ትቆልፍባታለች። ልጅቷ አንዴ ወጥታ የተገኘችው ከባድ መኪና በሚከንፍበት የጎባ አስፋልት መሐል ተቀምጣ ነው። ፎቶውን ያነሳችው ራሷ እኅተማርያም ነበረች። የላከችውም ለአንድ ሰው ብቻ፦ "ሌላ መላ ካለሽ ምከሪኝ፤ ቆልፌ መውጣቱን ጠላሁት" ብላ፣ ለከሚላ።

የግንባሯ ሥር ተገትሮ ጨርቅ ቤቱ ገባች።

"ለሠርከአዲስ የሰጠሻት አንቺ ነሽ?"

ከሚላ ለገዢ ጨርቅ ትለካ ነበር፤ ቀና አላለችም። "እኔ ነኝ።"

"ምን በደልኩሽ?"

"ያ ልጅ ባደባባይ ሲያዋርደኝ ከእሱ ጋር ቆምሽ። ወላሂ፣ አንጀቴ ነው ያረረው።"

"አጥፊው ስላለሽ ነው የተዋረድሽው? እኔ ስላንቺ ክፉ ቃል ወጣኝ? ኤደንን ከአስፋልቱ ላይ ያነሳናት አንድ ላይ አይደለም ወይ!"

ገዢዋ ጨርቁን ትታ ወጣች። ከሚላ ሜትሩን አስቀመጠች። "እንዲህ አድርጋ ትጽፈዋለች አላልኩም።"

"ታዲያ ምን ልታደርገው መሰለሽ? በፍሬም ልትሰቅለው?"

ግሩፑ የተከፈተው በእኅተማርያም ቁጥር ነው። ደጃፏ ላይ ቆማ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማት፣ ድምፅ ቀዳች፦ "ትናንት ዳግማዊን በላችሁት፤ ዛሬ እኔን። ነገ ማን ነው ተረኛው? ከዚህ ሁሉ ስድብ ውስጥ ለልጆቻችን የሚሆን አንድ ቃል አሳዩኝ! አጣችሁት? እንግዲያስ ሂዱና ሌላ ቦታ ተናከሱ።" ሰው ሰምቶ ሳይጨርስ ግሩፑን ከነአካቴው አጠፋችው።

ንዴቷ ግን አልበረደም። ጭራሽ ዳግማዊ ደወለላት።

"እትዬ፣ ለምን አጠፉት? ስድቡን እኔ ለምጄዋለሁ። እናቶቹ አሁን የት ይጠይቃሉ?"

"ላንተ ብዬ በተሰደብኩ!" ብላ ጠረቀመችበት።

ሳምንት ቆይቶ ሰሚራ የምትባል እናት ከብድሬ ደወለች። "አከም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ እኅቴ? ግሩፑ የት ገባ?" ልጇ ከወተት በቀር ምንም አልቀምስ ብሏል። ከሚላ በአንድ ወቅት ጀሊልን እንዴት ምግብ እንዳስለመደች ጽፋ ነበር፤ ሰሚራ ያንን ብትፈልግ አጣችው።

እኅተማርያም "አላውቅም" ልትል ዳድቷት ነበር። ተነስታ ጨርቅ ቤቱ ገባችና ስልኩን ዘረጋች።

"ላንቺ ነው።"

ከሚላ ተቀብላ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ብዙ አወራች፤ በእጇ እያሳየች፣ ሰሚራ የምታያት ይመስል። መሐል ላይ በርጩማውን ወደ እኅተማርያም ገፋችላት። እኅተማርያም አልተቀመጠችም።

ሲጨርሱ ከሚላ ስልኩን መለሰችላት። "የጀሊልን ቪዲዮ ከስልኬም አጥፍቼዋለሁ" አለች። "ሠርከአዲስን ለመንኳት፤ ከገጿ አላነሳም አለችኝ።"

"የኔም በር እዚያው ነው" አለች እኅተማርያም። ስልኳን ነጥቃ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።