ወንድሟ ያመጣው ጭቃ

የላቦራቶሪው ሰዎች «ልድገመው» ይሏታል። ዕድሜዋን ጭቃ ስትቀቅል፣ ስታጥብና በማይክሮስኮፕ ስታይ የኖረች ሴት ናት። ጭቃው ውስጥ ዲያቶም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ የውሃ ፍጥረታት ጥለውት የሄዱት የመስታወት ቅርፊት አለ፤ የባሕሩ መልክ ሌላ፣ ጨው የሌለበት ውሃ ሌላ። እሱን አይታ አንድ መሬት በጥንት ዘመን ረግረግ እንደነበረ ወይም ባሕር እንደነበረ ትናገራለች። ግን አንዴ አይታ ትንፍሽ አትልም። በደንብ ያልታጠበ ዕቃ የትናንቱን ቅርፊት ከዛሬው ጭቃ ስለሚደባልቅ ሁሌም ትደግመዋለች። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ስትል ባልደረቦቿ ይሰላቻሉ እንጂ አይቀየሟትም።

ታናሽ ወንድሟን እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሕሩ አጠገብ ቤት ሊሠራ ሲነሳ፣ እሷ እንዳሳየችው ቧንቧ መሬት ውስጥ ሰክቶ ያወጣውን ጭቃ ይዞላት መጣ። ባሕር የሚደፍረው መሬት ከሆነ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ አላት።

አየችው። በረግረጉ ጭቃ መሃል ቀጭን የአሸዋ መስመር አለ፤ አሸዋው በተሰባበረ የባሕር ዲያቶም ተሞልቷል። ባሕሩ አንድ ጊዜ ያን መሬት ጥሶ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ልቧ ደነገጠ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን በዚያው ዕቃ የባሕር ጭቃ ታጥቦበት ነበርና፣ የዕቃው ጥፋት ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

ወንድሟ ደወለ። «እትዬ፣ ጭቃዬስ?»

«ገና ነው፤ ልድገመው» አለችው።

ሥራ ተደራረበባት። እሱም ክፉ ነገር ቢኖርማ ዝም አትለኝም ብሎ መሠረት ጣለ። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ደግሞ መድገሙን ፈራችው፤ የተረፈውን ጭቃ ከመደርደሪያው ጥግ ገፋችው።

ባሕሩ በማዕበል ቀን መጥቶ ቤቱን ከነዕቃው ጠረገው። ወንድሟ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ጣራ ላይ ወጥቶ ነፍሱን አተረፈ። በማግስቱ ላቦራቶሪ ገብታ ያን ጭቃ በአዲስ ዕቃ ደገመችው። ያው የባሕር ዲያቶም ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው።

አሁን ሁሉም እሷ ሳሎን ያድራሉ። ልትደብቀው አስባ ነበር፤ አልቻለችም። ለወንድሟ ነገረችው።

«ያኔ አይተሽው ነበር?» አላት።

«አይቼው ነበር። እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው።»

የልጁን እርጥብ ካልሲ ሲጨምቅ ቆየ። «ጠርጥሬያለሁ ብትዪኝ እኮ ይበቃኝ ነበር» አለ።

ዕድሜ ልኩን እትዬ ሲላት የኖረው ወንድሟ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በስሟ ይጠራታል።