እትዬ ተጂቱ ሜትሬን የረቱ ጊዜ

አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሃያ ዓመት በነርስነት ስሠራ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም፤ ከመቱ አልፎ ባለችው ቡሬ፣ ገበያ ጀርባ ለጥናት በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ግን በአንዲት የልብስ ሰፊ ሜትር ጉድ ሆንኩ። ያረሙኝ ደግሞ ደብተር ይዘው የማያውቁ ሴት ናቸው። እትዬ ተጂቱ ይባላሉ። ሰው ስለ እሳቸው ሲጠይቀኝ «ደግ ናቸው፣ ታታሪ ናቸው» እያልኩ ጊዜ አላባክንም፤ በቀጥታ ይህንኑ አወራለሁ።

እትዬ ተጂቱ የሶር ፏፏቴ አካባቢ ተወላጅ ናቸው። ያለ ጫማ ቀይ አፈር እየረገጡ ቡና ሲለቅሙ አደጉ። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ግራ እግራቸው ያብጥ ጀመር፣ ቀጥሎም ቀኙ። እኛ አገር ይህን በሽታ የማያውቅ የለም። እግር ከጉልበት በታች ያብጣል፣ ቆዳው ይጠጥራል፣ እየተሰነጠቀ ውሃ ያወጣል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ትኩሳት ያንዘፈዝፋል። ሐኪሞች ከአፈሩ የሚገባ ደቃቅ ነገር በቆዳ አልፎ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎችን ሲያበላሽ ነው ይላሉ። ሰፈር ግን የራሱ ምርመራ አለው፤ «የሞተ እባብ ረግጣ ነው» ተባለ። ሽማግሌ ልኮ የነበረው ቤተሰብም ነገሩን አፈረሰው። ቸርች ሲሄዱ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር። «አጠገቤ የሚቀመጠው መንፈስ ቅዱስ ብቻ ነበር» ይሉኛል እየሳቁ። እኔ ግን አልስቅም፣ ያናድደኛል።

ወደ አርባ ዓመታቸው ሲጠጉ መቱ ላይ አንዲት ነርስ እግራቸውን እንዴት እንደሚይዙ አሳየቻቸው። ነገሩ ቀላል ነው፤ በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በየጣቱ መሃል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ቀላል ነው አልኩ እንጂ ውሃው ከምንጭ የሚቀዳ፣ ሳሙናው ከልጆች ልብስ የሚነጠቅ ነው። እሳቸው አንድ ቀን ሳያጓድሉ ሁለት ዓመት ታጠቡ። የእግራቸው እብጠት ጎደለ፣ ቆዳው ለሰለሰ። መቱ ያለ አንድ ጫማ ሰሪ በልካቸው ሰፋላቸውና በአርባ ሁለት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ አጠለቁ። «ያን ቀን እስከ መናኸሪያ ድረስ እግሬን እያየሁ ሄድኩ። ሁለቴ ሰው ተጋጨሁ» ይላሉ።

በ2008 ዓ.ም. ዶክተር ነመራ ጥናት ይዞ ቡሬ መጣ። ነመራ የመቱ ልጅ ነው፣ አብሮ አደጌ ስለሆነ አንቱ አልለውም። ጥያቄው አጭር ነበር፤ ይህ እጥበት እውነት እብጠትን ይቀንሳል ወይስ እንዲያው ለእኛ መስሎን ነው? በቁጥር ካልታየ ሳሙናውንና ጫማውን ለገጠሩ ሁሉ የሚያዳርስ አካል አይገኝም። መቶ ሃያ ሰው ይመዘገባል። በዕጣ ግማሹ ወዲያው እጥበት ይጀምራል፣ ግማሹ አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ የሁሉም እግር በየሦስት ወሩ ይለካል። ለኪው እኔ፣ ሰው ሰብሳቢዋና እጥበት አስተማሪዋ እትዬ ተጂቱ።

ዕጣው የወጣ ቀን እትዬ ተጂቱ ቤቱን ቀወጡት።

«ማሎ! ግማሹ ይጠብቅ ማለት ምን ማለት ነው? እግር ይጠብቃል እንዴ?»

ነመራ በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳቸው። የሚታጠበውን ከማይታጠበው ጋር ካላስተያየን፣ ሰው የተሻለው በእጥበቱ ይሁን በሌላ አናውቅም አላቸው። እጥበቱ እንደሚሠራ ከተረጋገጠ የሚጠብቁት ሁሉ በዓመቱ ይጀምራሉ።

«ትምልልኛለህ?»

«እምልልዎታለሁ። ግን ከተረጋገጠ ነው ያልኩት።»

«ይረጋገጣል! እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» ብለው ጫማቸውን አሳዩት።

ከዚያ ስልሳ ቤት ዞረው ለስልሳ ሰው «ትንሽ ታገሱ፣ ተራችሁ ይደርሳል» አሉ። ነመራ «ከተረጋገጠ» ያላትን እሳቸው ዋጧት። በፈጣሪ ስም ቃል ገቡ።

በእጥበት ጉዳይ ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረባቸውም። ሰላምታ ሳይጨርሱ ካልሲ ያስወልቃሉ፣ በየጣቱ መሃል ንጹሕ ጨርቅ ይከታሉ፤ ጨርቁ እርጥበት ካገኘው ባለቤቱ አለቀለት። ጋሽ ቀኖ የሚባሉ ከኖፓ በኩል የሚመጡ ገበሬ ነበሩን። አንድ ቀን ሳይታጠቡ ውለው እትዬ ተጂቱ ሲመጡባቸው ቡና ተክሉ ውስጥ ሲደበቁ በዓይኔ አይቻለሁ። የስልሳ ዓመት ሰው!

አሁን ወደ ጥፋቴ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ለልኬት የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ነበር፤ ሰው ሳያያቸው ለመግባት ነው። ሴቶቹ ቀሚሳቸው መሬት እየጠረገ፣ ወንዶቹ እግራቸውን በጆንያ ጠቅልለው ይመጣሉ። ከስድስት ወር በኋላ አንዳንዶቹ «በገበያ ቀን ይሁንልን፣ ሁለት ጊዜ አታመላልሰን» አሉኝ። እኔም ለሰው አሳቢ ነኝና፣ በገበያ ቀን ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፈለጋችሁት ጊዜ ኑ አልኩ። ቅጹ ላይ ቀን እንጂ ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ሰዓት ምን ያደርግልኛል? እግር ያው እግር ነው፣ ሜትርም ያው ሜትር ነው ብዬ።

ዓመቱ አለቀ። ነመራ ከመቱ ደወለ።

«ዲበኩሉ፣ ልዩነት የለም።»

«የምን ልዩነት?»

«የታጠቡትም ያልታጠቡትም እኩል ናቸው። የታጠቡት በትኩሳት የሚተኙበት ቀን ቀንሷል፣ ግን እሱ ከሰው አፍ የተሰበሰበ ነው፤ ለሥራው ገንዘብ የሚሰጡት ገምጋሚዎች የሚያምኑት ሜትሩን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መቱ ይሰበሰባሉ። ይህን አይተው አይቀጥሉም። የሚጠብቁትም አይጀምሩም፣ ቤቱም ይዘጋል።»

እትዬ ተጂቱ ሳፋ እያለቀለቁ ነበር። ነገርኳቸው።

«ውሸት ነው!» ሳፋውን ወረወሩት። «ቁጥርህ ዓይን የለውም? የቀኖ እግር ጫማ ይገባ ነበር? ዛሬ ገበያ ለገበያ ሲንጎራደድ አላየኸውም?»

«እኔ ምን ላድርግ! ሜትሩ ያለውን ነው የጻፍኩት!» ብዬ ጮህኩባቸው። ወዲያው አፈርኩ፣ ግን ጮህኩ።

ሄደው ሳፋውን አነሱት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስልሳ ሰው ፊት ቆሜ ምን ልበል? አንድ ዓመት አታለልኳችሁ ልበል?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

በማግስቱ ገና ሳልገባ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«በገበያ ቀን፣ ገና ሳይነጋጋ ለልኬት የሚመጡት እነማን ናቸው?»

«ምን አውቄ! እኔ የማየው እግር ነው።»

«በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ እኔ አውቃለሁ። መዝገብህን ክፈት። ዘውደነሽ። አራርሳ። ሽብሬ።» እንዲህ እያሉ አርባ ያህል ስም ጠሩ። በጣቴ እየተከተልኩ መዝገቡን አየሁ። ዘውደነሽ፣ ከሚጠብቁት። አራርሳ፣ ከሚጠብቁት። ሽብሬ፣ ከሚጠብቁት። ከታጠቡት አንድም ሰው የለበትም። እንደገና ከላይ ጀምሬ አየሁ።

«ያልታጠቡት ዛሬም ያፍራሉ» አሉ። «ተደብቀው፣ በጠዋት ነው የሚመጡት። የታጠቡት ግን ምን ያሳፍራቸዋል? ጫማቸውን አድርገው፣ ቡናቸውን ተሸክመው፣ ገበያ መሃል ቆመው ውለው በዘጠኝ ሰዓት ነው ወደ አንተ የሚመጡት። ቆሞ የዋለ እግር አያብጥም? የእኔስ ሲመሽ ጫማው አይጠበኝም? ዋቃዮ! ነርስ አይደለህም እንዴ?»

ነርስ ነኝ። ቆሞ የዋለ እግር እንደሚያብጥ የተማርኩት ገና አንደኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ያልታጠበውን አርፎ ባደረ እግሩ፣ የታጠበውን ሲለፋ በዋለ እግሩ ለክቼ ነበር ያወዳደርኩት። ሰዎቹ ተሽሏቸው አደባባይ በመውጣታቸው፣ እኔ ዘንድ ያልተሻላቸው ሆነው ተጻፉ።

ለነመራ ደወልኩ። አላመነም። «ውጤት ስላጣችሁ ምክንያት ትፈልጋላችሁ ይሉኛል» አለኝ። እትዬ ተጂቱ ስልኩን ከእጄ መንጭቀው «ና! ሜትርህን ይዘህ ና፣ ራስህ ለካ!» አሉት።

መጣ። በገበያ ቀን ማለዳ ጋሽ ቀኖን ከአልጋቸው ሳይወርዱ በገዛ እጁ ለካቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ሃያ ሰባት ሳንቲሜትር ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጋሽ ቀኖ እንደ ልማዳቸው ቡናቸውን ተሸክመው ገበያ ሄዱ፣ ቆመው ሸጡ፣ ቆመው ተጨቃጨቁ። በዘጠኝ ሰዓት ነመራ ያንኑ ምልክት ለካ። ሃያ ዘጠኝ ተኩል። ደግሞ ለካ። ያው ሃያ ዘጠኝ ተኩል።

«ኧረ ጉድ!» አለና ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

መቶ ሃያውም ሰው እንደገና ሊለካ ተወሰነ፤ ሁሉም በየቤቱ፣ በማለዳ፣ ከአልጋው ሳይወርድ። ነመራ ማን እንደታጠበ የማያውቁ ለኪዎች ከመቱ አመጣ። እኔ ሜትር እንዳልነካ ተከለከልኩ፣ ይገባኛል። የቀረን ቀን ጥቂት፣ ጭቃው እስከ ቅልጥም ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ እያለ ተኝቶ የሚቀበል ሰው እኛ አገር የት ይገኛል? «ቤቶች!» ባልን ቁጥር ሰዉ ከአልጋው እየዘለለ ይወርዳል፤ በአክብሮት ቆሞ፣ ወንበር እየጠረገ፣ ግቡ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማለዳዎች እንዲሁ ባከኑ። ነመራ ፀጉሩን ሊነጭ ደረሰ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ተጂቱ መላ አመጡ። እኛን አጥር ውጭ አቁመው ብቻቸውን ይገባሉ። «አካም ቡልተን፣ ደህና አደራችሁ! እንዳትነሱ! ማርያምን፣ ኢየሱስን፣ እግራችሁ መሬት ቢነካ እኔን እንደገደላችሁ ይቆጠራል!» እያሉ ይጮሃሉ። የማይሰማቸውን ሽማግሌ ትከሻውን ይዘው አልጋው ላይ መልሰው ያስተኛሉ። አንዷ ባልቴት «እንግዳ ፊት ተጋድሜ! ምን ዓይነት ውርደት ነው!» ብላ ስታለቅስ፣ አብረዋት አልጋው ላይ ጋደም ብለው «ይኸው፣ እኔም ተጋድሜያለሁ» አሏት። ባልቴቷ ሳቀች፣ ተለካች። በአሥራ አምስት ቀን መቶ ሃያውም አለቀ።

መቱ ላይ ስብሰባው የተደረገው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። እትዬ ተጂቱ ከፊት ተቀምጠው ጣታቸውን ሲያፍተለትሉ አያለሁ፤ እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ነመራ ተነስቶ በመጀመሪያ ስህተቱን ተናገረ፤ ሰዓት አለመጻፋችንን፣ ማን በጠዋት ማን በዘጠኝ ሰዓት ይመጣ እንደነበር። ከዚያ ቁጥሩን አነበበ። ያልታጠቡት ባሉበት ናቸው። የታጠቡት እግር በአማካይ ሦስት ሳንቲሜትር ጎድሏል።

መነጽር ያደረጉ ገምጋሚ እጃቸውን አወጡ። «ይህን የሰዓት ነገር ማን ነው የደረሰበት?»

ነመራ ወደ እትዬ ተጂቱ ጠቆመ። «እሳቸው ናቸው። እኔና ዲበኩሉ ዓመት ሙሉ ስንሠራ አላየነውም።»

ሰውዬው ከመቀመጫቸው ተነሱና ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ የሽንፈቴ ዜና እየተነገረ እጄ እስኪግል ሳጨበጭብ ይታያችሁ! ወዲያውም ሥራው እንዲቀጥል፣ የሚጠብቁት ስልሳ ሰዎች ከሰኞ ጀምሮ እጥበት እንዲጀምሩ ተወሰነ።

እትዬ ተጂቱ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

«ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ቡሬ።»

«ምሳ ተዘጋጅቷል እኮ! ለእርስዎ ክብር ነው። ከሰዓት በኋላ በመኪና እናደርስዎታለን» አለ ነመራ።

«አንድ ዓመት ሙሉ እኔን አምነው የጠበቁ ሰዎች ናቸው» አሉ። «አንዲት ሰዓት አልጨምርባቸውም።»

ወጡ። እየሮጥኩ መናኸሪያ ስደርስ የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። እንባቸው እየወረደ፣ እየሳቁ፣ ጭራሽ ለማያውቋቸው ተሳፋሪዎች «ይሠራል አሉ! በቁጥር አዩት! ይሠራል አሉ!» ይላሉ። ሰዉ ምን እንደሆነ ሳይገባው እንኳን ደስ አለዎት ይላቸዋል። እኔም ተጠጋግቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ዘውደነሽ ቤት ነው የምንጀምረው» አሉኝ።