ሁለት ማድ ቤት ያለው ቤት

የገጠሩን ቤታችንን ሊከራይ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚገረመው በአንድ ነገር ነበር። መኝታ ቤቱ ሦስት፣ ሳሎኑ አንድ፣ ማድ ቤቱ ግን ሁለት። አንዱ ከማንጎው ሥር፣ ሌላው ከዘይቱናዎቹ አጠገብ፤ ሁለቱም ጭቃና ቆርቆሮ፣ በሮቻቸው ግቢውን መሐል አድርገው የሚተያዩ። የሐረር ሰው ከሆነ አንዴ አይቶ ይገባዋል። ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ግን «ምነው፣ ሆቴል ልትከፍቱ አስባችሁ ነው?» ይላል። ያን ጊዜ እማዬ ታስረዳለች፤ የማንጎው የክርስቲያን፣ የዘይቱናው የሙስሊም ነው። እኛ ዘንድ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ያሳድጋል፣ ቀብር አብሮ ይወጣል፣ ሥጋ ላይ ሲደረስ ግን ቢላዋውም ድስቱም ይለያል። በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። እንግዳውም ሰምቶ ሲያበቃ «ጎበዝ፣ ለሁሉም አስባችኋል» ይላታል። በእውነት ለማን እንዳሰበች የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

ቤቱ የአባባ ውርስ ነው። ከኤረር በር ወጥቶ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ከጫት ማሳዎቹ መሐል ጣሪያው ይታያል። ቅድመ አያታቸው ከሸዋ መጥተው የያዙት ሰፊ የአትክልት ቦታ ነበር አሉ፤ ከመሬት አዋጁ የተረፈን ቤቱና በዙሪያው ያሉት ዛፎች ናቸው። ደርግ በወደቀ ማግስት አባባ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ሲወጡ፣ የድሬዳዋ ወዳጆቻቸው ሙቀቱን ሽሽት እየመጡ ቅዳሜና እሑድን እዚያ ማሳለፍ ጀመሩ። ወዳጅ ወዳጁን እየላከ ነገሩ ሳይታወቅ ኪራይ ሆነ። መምህራን በቡድን ይመጣሉ፣ የቢሮ ሰዎች ይመጣሉ፣ ከዘመድ ዓይን መራቅ የፈለጉ አዲስ ሙሽሮች ይመጣሉ። አስቤዛቸውን ይዘው መጥተው ራሳቸው ያበስላሉ፤ ከእኛ የሚያገኙት ጣሪያ፣ ፍራሽ፣ ድስትና ጥላ ነው። ሙሽሮቹማ ድስቱንም አይነኩትም ነበር፤ ዳቦና ሙዝ ሲበሉ ከርመው ከስተው ይመለሳሉ።

አባባ አንድ ሕግ ነበራቸው። ቁልፍ ለእንግዳ ከተሰጠ በኋላ እንግዳው እስኪወጣ ድረስ የእኛ እግር ግቢውን አይረግጥም። የሰው ጓዳ ነው ይሉ ነበር። ይህ ሕግ በኋላ ምን ያህል እንደሚመቻቸው ያን ጊዜ አላወቅንም።

እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። አባባ ከእኔ አብልጠው የሚወዱት ታላቄን ነበር፤ ይህን የምለው በቅናት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ በቅናት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እጇን ይዘው ከፊት፣ እኔ ከእማዬ ነጠላ ተንጠልጥዬ ከኋላ። እሷ ስትስቅ አባባ የሳቀችበትን ሳይሰሙ ይስቃሉ። ታዲያ ይህቺው እህቴ ጁገል ውስጥ ሱቅ ያለው ልጅ ወደደች፣ እሱም ወደዳት፤ ሸሃዳ ይዛ ሰለመችና ኒካሃቸው ታሰረ። አባባ የሰሙት ከሰው ነው። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። ቢጮኹ በስንት ጣዕሙ! ፎቶዋን ከሳሎን አንስተው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱትና በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ስሟ በቤታችን አልተጠራም። እሷ የምትኖረው በፈላና በር ገባ ብሎ ነው፣ እኛ ከጁገል ግንብ ውጭ አዲሱ ከተማ፤ በእግር የሚደረስ ነው። ባሕር የተሻገረች ያህል ግን ራቀችን።

እማዬ ገበያ ለገበያ ታገኛት ነበር። ቆመው ይላቀሳሉ፣ ከዚያ ቲማቲም ገዝተው እንደጨረሱ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ። በፋሲካ ማግስት እማዬ ዶሮውን ሳትቀምስ ትውላለች፤ ያቺ ልጅ እጄን አጣችው እያለች። እህቴ ደግሞ ሰለምቴ ናትና የባሏ ዘመዶች ዓይን አለባት፣ በሥጋ ነገር በእስልምና ከተወለዱት ይልቅ ትጠነቀቃለች። ይህ ሁሉ እማዬን ሲያብሰለስላት ከርሞ አንድ ቀን እራት ላይ ለአባባ አንድ ሐሳብ አቀረበች። የድሬዳዋና የጁገል ሙስሊሞች ቤቱን ይወዱታል፣ ግን ድስታችንን አይነኩትም፤ ለእነሱ ለብቻ ማድ ቤት ቢሠራ እኮ እንግዳ ይበዛል አለች። አባባ ትንሽ አሰቡና ነገሩ መልካም ነው አሉ። እኔ ከጎን ሆኜ እማዬን አየኋት፣ እሷ ደግሞ እንጀራዋን ትቆርሳለች። ቁልጭ ያለ ውሸት ነበር፣ ግን ምን ይደረግ፣ እናት ናት።

ማድ ቤቱ ተሠራ። ድስቶቹን ከገበያ አብራኝ የገዛችው እህቴ ናት፤ የራሷን ጎጆ እንደምታደራጅ ሰው ክዳን ከክዳን እያማታች እያዳመጠች። እውነትም እንግዳ በዛ። የክርስቲያንና የሙስሊም ባልደረቦች በአንድ መኪና መጥተው፣ በየማድ ቤታቸው ሠርተው፣ ሰሐናቸውን ይዘው ማንጎው ሥር አንድ ላይ ሲቀመጡ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ማየት ደስ ይል ነበር። ሁለቱ ማድ ቤቶች የተጣሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ከፈረንጅ ጋር። ባልና ሚስት ፈረንጆች መጥተው አንዱን ድስት ከዘይቱናው አንስተው በማንጎው ምድጃ የቆርቆሮ ሥጋ ሠሩበት። ሲወጡ እማዬና ግቢውን የምትጠብቅልን ኦሮሞ ጎረቤታችን ዕቃ ሊያጥቡ ገቡ፤ ቆርቆሮውን አገላብጠው ሲያዩት የአሳማ ሥዕል አለበት። አንዷ አዑዙ ቢላህ፣ አንዷ በስመ አብ! ድስቱን አጥር ጥግ ቀበሩት፣ ሁለቱም ምድጃዎች አመዳቸው ተጠርጎ በአዲስ ጭቃ ተለቀለቁ። እህቴ ይህን ገበያ ላይ ስትሰማ ከሳቋ ብዛት ከድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ያን ሳቅ አባባ ቢሰሙት ብዬ ሆድ ባሰኝ።

የእማዬ ሐሳብ የሠመረው በቀጣዩ ዓመት ኢድ ካለፈ በኋላ ነው። እህቴና ባሏ እንደ ማንኛውም እንግዳ ከፍለው፣ ቁልፍ ተቀብለው ገቡ። ቁልፉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እማዬ ያሰበችው እንዲህ ነበር፤ አባባ ልጃቸው በአያቶቻቸው ቤት እንዳለች ሲያውቁ ሆዳቸው ይባባል፣ አንድ ቀን ምክንያት ፈልገው ይሄዳሉ፣ እሷም በራሷ ድስት ሠርታ ታቀርባለች፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። አባባ ግን ሕጋቸው አለ። እንግዳ ያለበትን ግቢ አይረግጡም። ስሟን ስለማይጠሩ «እንግዶቹ» ነበር የሚሏቸው። እንግዶቹ ገቡ ወይ? እንግዶቹ ቁልፉን መለሱ ወይ? እኔ እርር ድብን እላለሁ።

በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። በየዓመቱ እህቴ ከኢድ በኋላ ትመጣለች፣ አባባ ከተማ ይቀራሉ። የወለደቻቸውን ልጆች እንኳ በሩቅ ነው የሚያውቋቸው። ግን እዩልኝ የእሳቸውን ጉድ፤ ረመዳን ሊያልቅ ሲል መሰላል ተሸክመው ይወርዱና የዘይቱናውን ማድ ቤት ጣሪያ ያድሳሉ። ቆርቆሮውን ይመታሉ፣ የምድጃውን ጭቃ ይጠግናሉ፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይቀባሉ። የማንጎው ቢያፈስም ግድ የላቸውም። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው እንግዳ ስለሚገባበት ነው አሉኝ። ሌላ ነገር ካፋቸው ማውጣት አልተቻለም።

አንድ ቀን እማዬን እንዲህ ብዬ ተቆጣኋት፤ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ። ማድ ቤቱ አንድ ቢሆን ኖሮ አንድ የጾም ቀን አባባና እህቴ ከአንድ ድስት ሽሮ ይበሉ ነበር። ሽሮ ምን ሃይማኖት አለው? አንቺ ግን ሁለት በር ሠራሽላቸው፣ እነሱም በየበራቸው ገቡ። እማዬም፣ የዘይቱናው ባይኖር ኖሮ ልጄ ጨርሶ አትመጣም ነበር አለች። ሁለታችንም እውነት ነበረን።

ባጃጁ ከተማውን ባጥለቀለቀበት ጊዜ እማዬ ታመመች። ሆዷ ነው። ሐኪም ቤት ተመላልሰን ተመላልሰን በመጨረሻ ቤቷ ሆና ትታመም ተባልን፣ ትርጉሙም ገባን። ከመንገዱ ጩኸት አውጡኝ፣ የገጠሩ ቤት ውሰዱኝ አለች። እንግዳ የያዘውን ቀን ሰርዘን ወሰድናት። እህቴ በሰማች በነጋታው ባሏን አስከትላ መጣች። አባባ በረንዳው ላይ ነበሩ። እንግዳ እንዳልሆነች እሳቸውም ያውቃሉ፣ ስለዚህ ሕጉም አልሠራም። ተነሥተው መንገድ ለቀቁላትና እሷ ወደ እናቷ ገባች።

እንዲህ ሆኖ ከስንት ዓመት በኋላ አባትና ልጅ በአንድ ግቢ ዋሉ። አባባ ከማንጎው፣ እህቴ ከዘይቱናው። አንዳቸው ወደ ውኃው በርሜል ሲሄዱ ሌላኛቸው ይጠብቃሉ። ንግግር የለም። መሐላቸው የምመላለሰው እኔ ነበርኩ፤ ክብሪት አለ ወይ በይልኝ፣ ጨው አለ በያት፣ ከሰሉ ረጠበ ወይ። አንጀቴ እየተቃጠለ ተላላኪ ሆንኩ።

እማዬ አጥሚቱ ሰልችቷት ስለነበር፣ ከቻለች የዶሮ መረቅ ብትቀምስ ብርታት ይሆናታል ሐኪሞቹ ብለውናል። አባባ ራሳቸው በስመ አብ ብለው ዶሮ አረዱ። ዕድሜ ልካቸውን ሽንኩርት ልጠው የማያውቁ ሰው ላባ ሲነጩ፣ ሲገነጥሉ አረፈዱ። በወዲያ በኩል የእህቴ ባል ቢስሚላህ ብሎ ሌላ ዶሮ አረደ። እህቴ እማዬ መብላት እንደማትችል ታውቃለች፣ እንዳልኩት ቢላዋው ይለያል። ያም ሆኖ ሠራች። ዓመታት ሙሉ ለእናቴ ልሥራላት ስል ኖሬአለሁ አለችኝ፣ ቢያንስ ታሽትተው።

ቀትር ላይ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገቡ። አባባ በቀኝ፣ እህቴ በግራ፣ ሁለቱም ጎድጓዳ ሳህን ይዘው። የእማዬን ትራስ ከፍ አደረግኩላት። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። የአንዱን ብትወስድ የሌላው ምን እንደሚሆን በፊቷ ላይ አነበብኩት። ከሳህኖቹ የሚወጣው ሽታ አንድ ነበር።

«ሁለት አድርጌ የሠራሁት ሁላችሁም እንድትመጡልኝ ነበር» አለች። «መጣችሁ፣ ግን በየበራችሁ ቀራችሁ። ውኃ ስጡኝ።»

ከበርሜሉ ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣች። ሳህኖቹን ማንም አላነሣም፣ በአልጋው ግራና ቀኝ ቀዘቀዙ። ከዚያ በኋላ እማዬ ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሰችም፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እጇን ይዤ ሳለሁ አረፈች። አባባ ልብሳቸውን ቀደዱ። እህቴ በሌላው ጥግ ተደፍታ ታለቅሳለች። አንዱ ሌላውን ቀና ቢያደርግ ምን ነበረበት! ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው የሮጥኩት አሁንም እኔ ነኝ።

ለቅሶው በከተማው ቤታችን ተደረገ። እህቴ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፣ የባሏ ዘመዶችም በሙሉ መጡ፣ ድንኳኑ ሞላ። አባባ አላስወጧትም፣ አላናገሯትም። አርባዋ ከወጣ በኋላ የገጠሩን ቤት ልናስተካክል ወረድን፤ እህቴም የዘይቱናውን ድስቶች ልትወስድ መጣች። ከእንግዲህ አልመጣም፣ ማን አለኝ አለችኝ። ዕቃውን በጆንያ እየከተተች ሳለ፣ ለራሷ የጣደችው ሻይ ምድጃው ላይ ነበር።

አባባ ግቢውን አቋርጠው መጡ። በበሩ ቆሙ፣ ጎንበስ አሉ፣ ገቡና ደፉ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«ሻይ አለ?» አሉ።

እህቴ እጇ ላይ የነበረውን ክዳን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «አለ፣ አባባ።»

«ስኳር አታብዢብኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ቀድታ ሰጠቻቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡት። እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል፣ እህቴም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንሰቀሰቃለች። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። እናቴ ስትመኘው የኖረችው ይኸው ነዋ! እኔ ግን እሳት ለበስኩ። ብርጭቆውን ከእጃቸው ቀምቼ ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው ቃጣኝ። አባቴን ደፍሬ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ደፈርኳቸው።

«እማዬ እያለች ይህን ቢጠጡላት ኖሮ ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

አባባ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ምንም አልነበረበትም» አሉ።