ለሁለት የተመረጠች ኮምፒውተር

ሰሞኑን መሥሪያ ቤት አዲስ ኪቦርድ ሰጡኝ። ከካርቶኑ ሳወጣው የአዲስ ፕላስቲክ ሽታው ገና አልለቀቀም ነበር። የግራ እጄ አመልካች ጣት ኤፍ የምትባለው ቁልፍ ላይ ያለችውን ከፍ ያለች ትንሽ መስመር ነካ። ብዙ ሰው ልብ አይላትም፤ እኔ ግን ጣቴን ሳላነሣ ቆየሁ። ያቺ መስመር እዚያ መኖሯን የነገረኝ ዓይነ ስውር ጓደኛዬ ነው፤ ባሕር ዳር ተማሪዎች ሳለን፣ ትንሽ ኮምፒውተር ልንመርጥ በሄድንበት ጠዋት።

በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ነበርን። አንዱ መምህራችን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይጀምራሉ። አንቀጹን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅሉና፣ «እንግዲህ ይህ ማለት…» ብለው ወደ አማርኛ ይገባሉ። ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነበር፤ ፈተናውም የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔ በእስክሪብቶ እንግሊዝኛውን ስጨርስ አማርኛው አልፏል። ጓደኛዬ ከጎኔ ተቀምጦ በወፍራም ወረቀት ላይ ብሬሉን ይወጋል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እሱም አይደርስባቸውም። በስልኩ ለመቅዳት ሞክሮ ነበር፤ አዳራሹ ስለሚያስተጋባ ተቀድቶ የተገኘው የሰው ሳልና የወንበር ጩኸት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር እንወርድና የጻፍሁትን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ደንገሉ ይንሿሿል፤ ከወዲያ የዓሣ ጥብስ ሽታ ይመጣል። እሱ ፊቱን ወደ ውሃው አድርጎ ያዳምጣል። ከእኔ ደብተር የጎደለ ግን ለእሱም ጎደለ። በመጀመሪያው ፈተና እኔ እንደምንም አለፍሁ፤ እሱ ወደቀ። በሚቀጥለው ካልተስተካከለ ትምህርቱን ትቶ ወደ እናቱ ቤት፣ ወደ ዱርቤቴ መመለሱ ነበር።

«እናትህ ትቆጣለች?» አልሁት።

«ብትቆጣማ ጥሩ ነበር» አለኝ። «‹እሰይ ልጄ፣ እንኳን መጣህልኝ› ነው የምትለው። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ያን ዕለት ቆረጥሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ፣ ማንም ሳያስተምረኝ መተየብ ለምጄ ነበር። ክፍል ውስጥ የምተይብባት ትንሽ ነገር ብትኖረኝ መምህሩን እደርስባቸዋለሁ፤ እኔ ከደረስሁ እሱም ደረሰ። የክረምቱን ደመወዝ አልነካሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። በደብተር ቦርሳ መግባት አለባት። መብራት ቢጠፋም ግማሽ ቀን መቆየት አለባት፤ የክፍሉ ብቸኛ ሶኬት ያለው መምህሩ እግር ሥር ነውና። የአማርኛ ፊደል ሳታንገራግር መጻፍ አለባት። ቁልፎቿ ሲጫኗቸው ወደ ታች ወረድ ማለት አለባቸው፤ ካልወረዱ ጣት ይሳሳታል።

«አንተ ዕቃ ነው ወይስ ሚስት የምትመርጠው?» አለኝ ጓደኛዬ።

ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ወደ መሀል ከተማ ወጣን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ዘንባባዎቹ ያንጠባጥባሉ፤ አስፋልቱ ያበራል። እኔ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ሸሚዜን አስተኩሼ ነበር። ባለሱቁ ጎልማሳ ሰው ነው፤ የኮት ኪሱ ላይ ብሎን መፍቻ ሰክቷል። የምፈልገውን ስነግረው መጀመሪያ ያወጣልኝ ታብሌት ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ በአንድ ጊዜ ሄደ። ስስ ነው፤ የመስኮቱ ብርሃን በመስታወቱ ላይ እንደ ውሃ ይንሸራተታል። ነካ ሳደርገው ፊደሉ ከሥር ተደርድሮ ብቅ አለ።

«ይሄ ነው!» አልሁ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረ።

«እስቲ ወዲህ በለው» አለ ጓደኛዬ።

ባለሱቁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ለእሱ ምን ያደርግለታል?» አለኝ።

«እሱ እዚሁ ነው ጋሼ» አለ ጓደኛዬ። «ጆሮም አለው።»

«ኧረ ይቅርታ ወንድሜ! ለክፋት አይደለም።»

«ዋጋውን ቀነስ ካደረጉልን ምንም አልሰማሁም።»

ባለሱቁ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ጓደኛዬ መዳፉን በመስታወቱ ላይ አስኬደ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። ከዚያ መለሰልኝ።

«ወንድምዓለም፣ ይሄ ለአንተ መጽሐፍ ነው። ለእኔ ግድግዳ ነው።»

«የምተይበው እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ዝም ብዬ ነው።»

ዝም ብሎ እንዳልሆነ ገባኝ። ታብሌቱን አስቀመጥሁት። ባለሱቁ ትልቅ ላፕቶፕ አወጣ፤ ክብደቱ የእህል ቁና ነው። በመጨረሻ ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት ትንሽ አሮጌ ላፕቶፕ ጎተተ። ጠርዟ ተፋፍቋል፤ ስትከፈት ማጠፊያዋ ሲጥ ይላል። ብዙም ተስፋ ሳላደርግ ጓደኛዬ ፊት አኖርኋት። እጆቹን ዘረጋ፤ ጣቶቹ በቁልፎቹ ላይ ተራመዱና ድንገት ቆሙ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የቷ?»

«መስመር አለች እኮ። ቆይ… እዚህም አለች! ሁለት ናቸው!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ክረምቱን ሙሉ በዓይኔ እየፈለግሁ ስተይብ አንድም ቀን አላየኋትም።

«እጅ ቦታውን እንዳይስት ነው» አለ ባለሱቁ። «ሁለቱን አመልካች ጣቶችህን እዚያ ታሳርፍና ሌላውን ከዚያ ተነሥተህ ትቆጥራለህ።»

በኪሴ በያዝሁት ፍላሽ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ነበር። እኔ በማልኖርበት ሰዓት ያነብለታል ብዬ ነበር ያመጣሁት። ኮምፒውተሯ ላይ ጫንሁት። አማርኛ አጻጻፉንም ነገርሁት፦ መጀመሪያ የፊደሉን ድምፅ ትመታለህ፣ ቀጥለህ አናባቢዋን፤ ሁለቱ አንድ ላይ ፊደሉን ይሰጡሃል። እኔን ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ አድክሞኝ ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «በብሬልም እንዲሁ እኮ ነው የምንጽፈው!»

እኔ «ቤ»ን የማያት እንደ አንዲት ፊደል ነው፤ ለሁለት መክፈል አለብኝ። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ለሁለት ከፍሎ ነው የሚወጋት። የቁልፎቹን ቦታ እየነገርሁት ቀስ እያለ መታ። ኮምፒውተሯም በደረቀ ድምፅ «ዱርቤቴ» አለች።

«አማርኛ የተማረችው ቆርቆሮ ቤት ነው!» ብሎ እስኪያነባ ሳቀ፤ ባንኮኒውን ይዞ ነው የቆመው። እኔ ሳቄን ተውሁት። ኮምፒውተር የምንመርጠው ለእኔ ጣቶች እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ይቺን ስጠን» አልሁት ባለሱቁን።

ከዚያ በኋላ ሐይቁ ዳር ማንበባችን ወደ መተየብ ተለወጠ። እሱ ይመታል፣ እሷ ታነባለች፣ እኔ ስሕተት እለቅማለሁ። ቶሎ ቶሎ መምታት የጀመረ ሰሞን ክፍል ውስጥ መምህሩ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ምንድን ነው፣ በረዶ እየጣለ ነው እንዴ?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተነሣ። ጓደኛዬ ያን ጭምር ጻፈው። አማርኛው አሁን አያመልጠውም። እንዲያውም እኔ ያመለጠኝን ከእሱ መጠየቅ ጀመርሁ። ኮምፒውተሯ ከእሱ ቦርሳ ወደ እኔ መመለስ ተወች፤ እኔ ወደ እስክሪብቶዬ ተመለስሁ። ፈተናውን አለፈ። እናቱ ስትደውል፣ «ለበዓል ነው የምመጣው፣ ለበዓል ብቻ!» እያለ ሲጮህ ከግቢው በር ላይ ሆኜ እሰማው ነበር።

ከፈተናው በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ይዤ ወደ ለመድነው ቦታ ወረድሁ። ቀድሞኝ ተቀምጧል፤ ማዳመጫ በጆሮው ነው።

«የዛሬውን ላንብብልህ?»

«ሰምቼዋለሁ» አለኝ።

ደብተሬን የት እንደማደርገው አጣሁ።

«ተቀመጥ እንጅ» አለና አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው አውጥቶ ሰጠኝ። የቆርቆሮዋ ድምፅ ትፈጥናለች፤ አንቀጽ ከአንቀጽ ላይ ትደርባለች። ጀልባ አልፎ ሞገዱ ከድንጋዩ ጋር እስኪጋጭ ድረስ አብረን ሰማን።

«ጎበዝ ናት» አልሁ።

«ጎበዝ ናት። ግን አትቆምም።»

«የት?»

«አንተ ስታነብ ያልገባህ ቦታ ላይ ትንሽ ትቆም ነበር። ጉሮሮህን ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ትቀጥላለህ። ከባዱን ቦታ እኔ የማውቀው በእሱ ነበር።»

ማንም የሚያውቅብኝ አይመስለኝም ነበር።

ኮምፒውተሯን ዝም አሰኛትና ወደ እኔ አዞራት። «በል፣ ይቺን አንቀጽ አንተ አንብባት።»

ዛሬ እሱ ሌላ ከተማ ነው፤ ሥራዬም ለብቻ የሚነበብ ነው። ያን ቀን ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁለት። መሀል ላይ ስደርስ ቆምሁ። ለእሱ ብዬ አልነበረም፤ የእውነት አልገባኝም። እሱም ፊቱን ወደ ውሃው እንዳደረገ ጠበቀኝ።