ጣራ ላይ የቀረው ጥርስ

ባለፈው ሳምንት ልጄን ሶልያናን የጥርስ ሐኪም ጋ ይዣት ስገባ፣ የቅርንፉድ ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝና፣ ሰው ሁሉ ላይ ስቀልድ የምውለው ሰውዬ፣ አፌን በመዳፌ ሸፍኜ ወንበር ፈለግኩ። እንግዲህ እውነቱን ከመጀመሪያው ልናገር፣ ልጅ እያለሁ የለየለት ጅል ነበርኩ። ጥርሴ ያልበቀለው የምንኖርበት አፓርትመንት ጣራ ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አምኜም አልቀረሁ፣ አንድ ቀን በብረት መሰላሉ ወጥቼ ጥርሴን ስፈልግ ቆይቼ፣ አንድ የቴኒስ ኳስና የደረቀ የርግብ ኩስ አግኝቼ ወረድኩ።

ቤታችን ከአገር ወጥተን በምንኖርበት ከተማ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ነበር። አባዬ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ እማዬ ደግሞ አሮጊቶች ትንከባከብ ነበር። የጃካራንዳው ዛፍ አብቦ የቆመ መኪና ሁሉ ላይ ሐምራዊ አበባ በሚያራግፍበት ወቅት፣ የወተት ጥርስ በወለቀልኝ ቁጥር አባዬ እጄን ይዞ ግቢ ያወርደኝና፣ እሱ በልጅነቱ እንዳደረገው፣ «መጥፎውን ውሰድ፣ ጥሩውን ስጠኝ» እያስባለ ጣራው ላይ ያስወረውረኝ ነበር። ጣራውም ቃሉን ይጠብቅ ነበር። ከፊት ጥርሶቼ የቀሩት ከሁለቱ ትልልቆቹ ግራና ቀኝ ያሉት ብቻ ናቸው። በቀኝ በኩል የወተቱ ወልቆ ቦታው ባዶውን ቀረ፤ በግራ በኩል ያለው የወተት ጥርስ ግን፣ እንደ ሩዝ ፍሬ ትንሽዬና ነጭ፣ ንቅንቅ አልልም ብሎ ተቀመጠ።

ሰመር ሲገባ የአባዬ ትዕግስት አለቀ። ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ሲመጣ አፌን አስከፍቶ በፀሐይ ያየኝ ነበር።

«አየሽው?» ይላት ነበር እማዬን፣ «አሮጌው ተከራይ አልወጣም ብሎ ነው እኮ! አዲሱ ዕቃውን ተሸክሞ ከስር ቆሟል።»

እንስቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ እማዬ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ግጥም አድርጋ ያዘችኝ፣ አባዬ ክር አስሮ ሳበ፣ ክሩ ተበጠሰ፣ እንደገና አስሮ ሳበ፣ በመጨረሻ በመሐረብ ጨብጦ እያወዛወዘ ነቀለው። ደሙ አልቆም ሲል እማዬ ቅርንፉድ አስነከሰችኝ። አባዬ «ጀግና! በቃ አሁን ይመጣል» እያለ፣ እኔ እየተንሰቀሰቅኩ፣ ግቢ አወረደኝ። ወረወርኩት። ጣራ ላይ ቀረ።

አዲሱ ተከራይ አልመጣም። ደረቁ ነፋስ ከበረሃ በሚመጣበት ወቅት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ጥርስ ሐኪም ላኩን። በየቢሮው አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ አባዬ ከተሳፋሪ ጋር ስለ መንገድና ስለ አየሩ ያወራል እንጂ፣ የቢሮ ጠረጴዛ ፊት ሲቀመጥ «አንተ ንገራቸው» ብሎ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ሐኪሟ ኤክስሬዩን መብራት ላይ አድርጋ አሳየችን። በሌሎቹ ቦታ ከስር ተራቸውን የሚጠብቁ ጥርሶች ይታያሉ፤ በሁለቱ ቦታ ጥቁር ብቻ።

«እነዚህ ሁለት ቋሚ ጥርሶች ከመጀመሪያውም አልተፈጠሩም፤ የማንም ጥፋት አይደለም» አለች። ተረጎምኩ። ቀጥላ ኮስተር አለችና፣ «የግራውን የወተት ጥርስ ማን ነቀለው? እሱ እኮ ዓመታት ሊያገለግለው ይችል ነበር፤ ቦታውንም አጥንቱንም ይጠብቅለት ነበር። መነካት አልነበረበትም» አለች።

አባዬ ወደኔ ዞረ። «ምን አለች?»

«መውለቁ አይቀርም ነበር አለች።»

«እንደዛ ነው ያለችው?»

«አዎ አባዬ።»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አንዴ አዞረውና «ኦኬ፤ አመሰግናለሁ በላት» አለኝ።

ኢምፕላንት የሚባለው፣ አጥንት ላይ የሚተከለው ጥርስ፣ መንጋጋዬ አድጎ እስኪጨርስ አይቻልም ስለተባለ፣ ዝናቡ ሲመጣ ተነቃይ ጥርስ ተሠራልኝ፤ ላንቃ ላይ የሚለጠፍ ሮዝ ፕላስቲክ ሆኖ ሁለት ጥርስ ተተክሎበታል። ስናገር እንደሚተነፍስ ጎማ ያፏጭ ነበር። ልጆቹ አፌን እንዳያዩ እኔ እነሱን ማሳቅ ጀመርኩ፤ የሚስቅ ሰው የሌላ ሰው አፍ አያይም። ቀልደኛ የሆንኩት እንዲህ ነው፣ ተሰጥኦ እንዳይመስላችሁ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምግብ ቤት ገብተን፣ ጥርሴን አውልቄ በሶፍት ጠቅልዬ ትሪው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩትና፣ አስተናጋጇ ከትራፊው ጋር አንስታ ወሰደችው። አባዬ ነጠላውን ለእማዬ ሰጥቶ፣ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ቆሻሻው ገንዳ ውስጥ ገባ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ወጥ የነካውን ሶፍት አንድ በአንድ እየፈታ ሲፈልግ፣ «አባዬ ተወው በናትህ፣ ጣራ ላይ ወጥቼ ሌላ አመጣለሁ» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም። «ዝም በል!» አለኝ፤ እንደዛ ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር። ጥርሱን ለሁለት ተሰብሮ አገኘው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አየው። ከዚያ ወዲያ አፌን በፀሐይ አላየም፣ የተከራዩንም ቀልድ ደግሞት አያውቅም።

ጎልምሼ ኢምፕላንት ሲደረግልኝ የግራውም አጥንት እንደ ቀኙ ሳስቶ ስለነበር፣ መጀመሪያ አጥንት ተጨመረልኝ፣ ለወራት ጠበቅኩ፣ አንዴ ከሽፎ ተደገመ። አባዬ ሁልጊዜ ይወስደኝ ነበር፤ ግን መኪና ውስጥ ይጠብቃል እንጂ አይገባም ነበር። አምና ሞተ። ቀብሩ ላይ እያለቀስኩም ቢሆን፣ በዕድሜዬ የሠራሁት አንድ ብልህ ነገር ያቺ ትርጉም ናት እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ሶልያናም ሁለቱ የሏትም፤ ከኔ ወረሰች፣ ምስኪን፣ ሌላ የሚወረስ ነገር አጥታ። የሷ የወተት ጥርሶች ግን አሉ፤ ሐኪሙም እስከቻሉ ይቆዩ ብሏል። ያኔ እኛ ቤት ጥርስ ቶሎ እንዲወጣ ይለመን ነበር፤ ዛሬ እኔ ሁለት የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ጥርሶች እንዳይወልቁ እለምናለሁ፣ ቆሎ ስታነሳ ከእጇ እቀማለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ጋ ስንሄድ እማዬም አብራን ነበረች። ወደ ቤት ድራይቭ እያደረግኩ፣ «እንኳንም አባዬ ሳያውቅ ሞተ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጥርሴን መንቀል እንዳልነበረበት። ሐኪሟ ተናግራ ነበር፤ እኔ ነኝ ሌላ ነገር ብዬ የተረጎምኩለት።»

እማዬ ከመስኮቱ ወደኔ ዞረች።

«አንተ ጅል» አለችኝ፣ «እንግሊዝኛ ሳይሰማ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን ታክሲ የነዳው? የዚያኑ ቀን ነግሮኛል። ‹ልጁ ደብቆልኛል፣ መስማቴን እንዳይሰማ› ብሎ አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»