ከብቱ ሳይመለስ መብራት ሄደ

«ጋሽ ሰይድ፣ ተራዎ ደርሷል፤ ይግቡ» ስላቸው፣ «ቆዪ ልጄ፣ ከብቱን ሊያስመልስ ነው» ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

ዛሬ ጤና ጣቢያችን ተራ መጠበቂያው ውስጥ ጥቁርና ነጭ የድሮ የካውቦይ ፊልም ተከፍቶ ነበር፤ ካውቦዩ የከብት ሌባ ያሳድዳል። ፈረሱ የቱንም ያህል ቢጋልብ ከኋላው ያለው ተራራ ያው አንዱ ተራራ ነው።

በሮቢት ሙቀት፣ በዚህ ሁሉ የወባ በሽተኛ መሀል፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም።

ሌባው ሳይያዝ መብራት ሄደ።

ጋሽ ሰይድ እየተንቀጠቀጡ ገቡ። ለምርመራ ጣታቸውን ስወጋ፣ «አስመለሰ ይሆን?» አሉኝ።

«አስመልሷል» አልኳቸው። ፊልሙን አይቼው አላውቅም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። የተወጋ ጣታቸውን በጥጥ ይዘው ደግሞ፣ «የኔ በሬዎች በሌባ ከተነዱ ዓመት ሊሞላቸው ነው።»

እናንተስ፣ ያላያችሁትን መጨረሻ ለሰው ነግራችሁ ታውቃላችሁ?