ካልሲዬን ያወለቅኩበት ሐሙስ

መታሰሬ በጠቅላላ ያስወጣኝ ይህን ነው፦ አንድ ሱቅ፣ ሁለት የእግር ጥፍር፣ እንቅልፍ፣ ሰው ፊት ባዶ እግር የመቀመጥ ድፍረት። ዕድሜዬን አላስገባሁትም፤ እሱ ሳይታሰሩም ያልቃል።

የታሰርኩት አዲስ አበባ፣ መንግሥትን የሚቃወም ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ሸጬ ነው። ጽሑፉን ልብ ብዬ አላነበብኩትም፤ ጨርቁ ግን ጥሩ ነበር። ይህንኑ ለመርማሪው ነገርኩት። አልሳቀም።

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች ወደ መሀል ዘርግተውታል። መሬት ላይ የተደረደረ ልባሽ ጫማ መሰለኝ። ካቦው፣ ማለት የክፍሉ አለቃ፣ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ አስቀመጠኝ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዎቹ ወስደው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። በጉልበቴ እየዳህኩ ተመለስኩ። ለሰው በቀን አንድ ጠርሙስ ውኃ ነበር የሚደርሰው። ሽማግሌው የራሳቸውን ከፍተው ግማሹን እግሬ ላይ አፈሰሱት።

«ጋሼ፣ ይጠጡት እንጂ።»

«ዝም በል። እግር የሌለው ነጋዴ ምን ይሠራል?»

ከዚያ የራሳቸውን ካልሲ አውልቀው ቀስ አድርገው አጠለቁልኝ። ቡናማ ነው፤ ተረከዙ ተጥፏል።

«ሲጠሩህ ይህን አድርገህ ውጣ» አሉኝ። «የእጃቸውን ሥራ አታሳያቸው።»

በማግስቱ ጠዋት የተጠሩት እሳቸው ናቸው። ካልሲውን ላወልቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ባዶ እግራቸውን ወጡ። አልተመለሱም።

ከእስር ስወጣ አገር ለቀቅኩ፤ ዛሬ ካምፓላ፣ ኦዊኖ ገበያ ልባሽ ልብስ እሸጣለሁ። ያ ካልሲ ካለቀ ቆይቷል፤ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። ካልሲዬን አድርጌ እተኛለሁ። እግሬ ሲብስብኝ ንሳምብያ ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም፣ «እግርህስ ድኗል፣ የሚያነጋግርህ ሰው ነው የሚያስፈልግህ» ብሎ ማኪንድዬ ሰፈር ወዳለች አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ላከኝ።

ኡጋንዳዊት ናት። አስተርጓሚ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ፤ ያገሬ ልጅ። ሚስቱ ኦዊኖ ውስጥ ከእኔ ሦስት መደብ አልፋ ትሸጣለች።

«አይዞህ ወንድሜ፣ እዚህ የተወራ እዚሁ ይቀራል» አለኝ።

የሰው ምስጢር የሰማሁት ሁሉ በዚህ ቃል ተጀምሮ ነው። በትህትና አስወጣሁት።

ስሕተቴ የገባኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ገበያ ላይ የተለቀመ ነው፤ ቁጥር፣ ቀለም፣ «የመጨረሻ ዋጋ»፣ «ላንቺ ብዬ ነው እህቴ»። ለውስጥ እግሬ ቃል የለውም። ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። በእኛ ሥራ ቀድሞ ዋጋ የጠራ ይሸነፋል፤ ልጅቷ ኦዊኖ ያደገች ነው የምትመስለው። ውጭ ቦዳዎች፣ የሞተር ታክሲዎቹ፣ ይጯጯሃሉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሆነ።

«ቁጥር አርባ ሁለት» አልኩና የግራ ጫማዬን አወለቅኩ። ቀጥሎ ካልሲውን።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልነካችኝም፣ «አይዞህ»ም አላለችኝ። አየችው።

«ሌላኛውስ?» አለች።

«የሚመጣው ሐሙስ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ሐሙስ ሄጃለሁ። ግራውን አወልቃለሁ፣ ቀኙ ላይ እጄ ይቆማል። እንቅልፉም አልመጣም። አስተማሪው የት እንደገቡ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ሒሳቡ ይኸው ነው፦ አንድ እግር ታይቷል፣ አንድ ይቀራል።